የኬፕ ቨርዴ ስደተኞች የቤትና የድግስ ሙዚቃ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማሳቹሴትስ የምንኖር ሐበሾች ከኬፕ ቨርዴ ሰዎች ጋር ጎረቤት ነን። አብረን እንሠራለን፤ ልጆቻችንም አንድ ክፍል ይማራሉ። እኔ ብሮክተን ስኖር ቅዳሜ ማታ ከታችኛው ፎቅ የጊታርና የቫዮሊን ድምፅ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ላይ ቴፕ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሴትዮዋ በሳህን የዶሮ ሾርባ ይዘው በሬን አንኳኩ። ሳህኑን ልመልስ ወርጄ ሌሊቱ እስኪጋመስ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሙዚቃ ወድጄ ቀረሁ። ወዳጆቼ ስለሱ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬፕ ቨርዴ የት ናት?

ብዙዎቻችን ስሟን የሰማነው በኳስ ነው። በጃንዋሪ 2022 በአፍሪካ ዋንጫ ያውንዴ ላይ ተገናኝተን 1 ለ 0 አሸንፈውናል። አገሪቱ ከሴኔጋል ጠረፍ በስተምዕራብ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ 10 ደሴቶች ናት። በ9ኙ ሰው ይኖራል። ፖርቱጋሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲደርሱ ደሴቶቹ ባዶ ነበሩ። የዛሬው ሕዝብ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ከተጋዙ ሰዎችና ከአውሮፓ ሰፋሪዎች የተገኘ ነው። ቋንቋቸውም እንደዚሁ ተወለደ፤ ክሪዮሉ ይባላል። ነፃነታቸውን ከፖርቱጋል ያገኙት ጁላይ 5 ቀን 1975 ነው።

ዝናብ የሚያጥርበት አገር ነው። በ1940ዎቹ ብቻ ሁለት ጊዜ ከባድ ረሃብ ገብቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሷል። ስለዚህ መሰደድ እዚያ የአንድ ትውልድ ታሪክ አይደለም። አያት ሄዷል፣ አባት ሄዷል፣ ልጅም ይሄዳል። ስለ ሙዚቃው የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ለምን ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ ገቡ?

በዓሣ ነባሪ ምክንያት። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የኒው ኢንግላንድ አዳኝ መርከቦች ብራቫና ፎጎ ደሴቶች ላይ እየቆሙ ሠራተኛ ይቀጥሩ ነበር። ሥራው አደገኛ፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። የደሴቶቹ ወጣቶች ግን ከድርቅ የሚያመልጡበት ሌላ በር አልነበራቸውም። መርከቦቹ ሲመለሱ ኒው ቤድፎርድ አራገፏቸው። በኋላ ዓሣ ነባሪ ማደኑ ሲቀዘቅዝ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ወደብ ሥራና በኬፕ ኮድ አካባቢ ወዳለው የክራንቤሪ ለቀማ ገቡ። ክራንቤሪ ረግረግ መሬት ላይ የምትበቅል ጎምዛዛ ቀይ ፍሬ ናት። ለቃሚው ተንበርክኮ ነው የሚውለው።

አንድ ነገር በጣም ያስደንቀኛል። እነዚህ ሰዎች አሮጌ መርከብ እየገዙ በራሳቸው ካፒቴን አትላንቲክን ይመላለሱ ነበር። በራሱ መርከብ አሜሪካ የመጣ አፍሪካዊ ስደተኛ! ከመርከቦቹ አንዷ ኤርኔስቲና እስከ 1965 ድረስ ሰው አመላልሳለች። የኬፕ ቨርዴ መንግሥት በ1982 ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ሰጥቷታል። በእነዚያ መርከቦች ደብዳቤ፣ ልብስና ዱቄት ይሄዳል። ዜማም አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይመጣል።

ሞርና ምንድን ነው?

የዚህ ሁሉ ልብ ነው። ሞርና ቀስ ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሐዘንተኛ ድምፅ የሚዘፈን ዘፈን ነው። አንድ ሰው ይዘፍናል፤ ጊታር ከሥር ይይዘዋል። በስንኞቹ መሃል ቫዮሊን ወይም ሌላ መሣሪያ ዜማውን ተቀብሎ ይጫወታል። ግጥሙ ስለ ፍቅር፣ ስለ ባሕር፣ ስለ አገርና ስለ መለየት ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቃቅፈው ይደንሱበታልም።

የት ተጀመረ የሚለው ያከራክራል። ሽማግሌዎች ቦዋ ቪስታ ደሴት ላይ ነው ይላሉ፤ እዚያ ፈጠን ያለና የሚያሾፍ ነበር ይባላል። ብራቫ ላይ ግን ሌላ መልክ ያዘ። ብራቫ ትንሽ ደሴት ናት፤ ከየቤቱ አንድ ሰው አሜሪካ ነበር። እዚያ ዩጄኒዮ ታቫሬስ የሚባል ገጣሚ ተነሳ፤ ከ1867 እስከ 1930 የኖረ ሰው ነው። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው የሚጽፈው በፖርቱጋልኛ ነበር። እሱ ግን ሞርናውን በእናቱ ቋንቋ፣ በክሪዮሉ ጻፈ። ቅኝ ገዥዎቹን በመተቸቱ ሲያሳድዱት በ1900 ወደ አሜሪካ ሸሸ። ኒው ቤድፎርድ ውስጥም አልቮራዳ የሚባል ጋዜጣ አቋቋመ። የመለያየትን ዘፈን ያደረጀው ሰው ራሱ ስደተኛ ነበር ማለት ነው፤ ያውም እኛ በምንመላለስበት ከተማ።

የእሱ በጣም የታወቀው ሞርና የሚጀምረው «ኦራ ዲ ባይ» ብሎ ነው፤ «የመሄጃ ሰዓት» እንደማለት ነው። ብራቫ ላይ መርከብ ሲነሳ ሸኚው ወደብ ላይ ቆሞ ይዘፍነው ነበር። እስቲ አስቡት። ተጓዡ መርከቡ ላይ ነው፣ እናት ድንጋዩ ላይ ናት፤ የሚያገናኛቸው ገመድ እየረዘመ የሚሄደው ያ ዜማ ብቻ ነው።

ከዚያ ተራው የሳኦ ቪሴንቴ ደሴት ሆነ። የወደብ ከተማዋ ሚንዴሎ የዓለም መርከብ የድንጋይ ከሰል የሚሞላባት ነበረች። የብራዚል መርከበኞችም ሙዚቃቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ቤ ሌዛ በሚል ስም የሚታወቀው ፍራንሲስኮ ሻቪየር ዳ ክሩዝ (1905–1958) ከእነሱ የሰማውን ወስዶ በሞርናው የጊታር አያያዝ ውስጥ መሸጋገሪያ ድምፆች ጨመረ። ዛሬ ሞርና ስትሰሙ ጊታሩ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ የሚሄደው የእሱ ሥራ ነው። ስሙም ከብራዚሎች አነጋገር የተወሰደ ነው፤ «ውበት» ማለት ነው። የልደት ቀኑ ዲሴምበር 3 ዛሬ በአገሩ ብሔራዊ የሞርና ቀን ሆኖ ይከበራል።

እንደ ትዝታ ነው እንዴ?

ይሄን የማይጠይቀኝ ሐበሻ የለም። ስሜቱ አዎ። እነሱ «ሶዳድ» የሚሉት ቃል አላቸው። ናፍቆት ነው፣ ትዝታ ነው፣ ትንሽም ሕመም ነው። ታችኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ ቃሉን ሊያስረዱኝ ሲሞክሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ገባኝ። እኔም «ትዝታ» የሚለውን ቃል አስተማርኳቸው።

በሙዚቃ አሠራሩ ግን የተለያዩ ናቸው። የእኛ ትዝታ የቅኝት ስም ነው፤ በ5 ድምፆች ይሄዳል። ሞርና በአውሮፓ የድምፅ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው፤ ጊታሩ ከሥር እየተቀያየረ ዜማውን ይሸከመዋል። ሌላም ልዩነት አለ፤ ይሄኛው የእኔ ስሜት ነው። ትዝታን ብዙ ጊዜ ለብቻችን ነው የምንሰማው። ሞርናን ሰብሰብ ብለው ነው የሚያለቅሱበት። ሲጨርሱ ደግሞ አንዱ ቀልድ ያወራና ፈጣኑ ይቀጥላል።

ፈጣኑ ምንድን ነው?

ኮላዴራ ይባላል። ከሞርና በእጥፍ ግድም ይፈጥናል። ግጥሙ ሰው ይነካል። ቆንጆ ነኝ ባይን፣ ከአሜሪካ ተመልሶ የሚኮራውን፣ ጎረቤት የምታማውን ሴት ያሾፉበታል። የአዝማሪ ቤት ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ቋንቋውን ባይሰማም።

የሚጫወቱት በምን በምን ነው?

ዋናው ጊታር ነው። ካቫኪንዮ የምትባል ትንሽዬ ባለ 4 ክር ጊታር አለች፤ ምቱን እየቆረጠች ትይዛለች። ጥንድ ጥንድ ክር ያለው ትልቅ ጊታርም አለ፤ ቪዮላ ይሉታል። ቫዮሊኑን ራቤካ ይሉታል። ደረት ላይ ዝቅ አድርገው የሚጫወቱት ሽማግሌዎች አይቻለሁ፤ ልክ እንደ ማሲንቆ ያለቅሳል። በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የአሜሪካ ልጆቻቸው ሳክስፎንና ትራምፔት ጨመሩ። ቅዳሜ ማታ አዳራሽ ውስጥ አንድ የአሜሪካ ስዊንግ፣ ቀጥሎ አንድ ሞርና ይጫወቱ ነበር።

ቤታቸው ብጠራ ምን ይጠብቀኛል?

መጀመሪያ ምግብ። ካቹፓ አለ፤ በቆሎ፣ ባቄላና ሥጋ ለረጅም ሰዓት አብሮ የተቀቀለ ወፍራም ወጥ ነው። ጃጋሲዳ የሚባል ሩዝና ባቄላም አለ። ለሌሊቱ ካንዣ ይቀመጣል፤ ሩዝ ያለበት የዶሮ ሾርባ ነው። እኔን ከእነሱ ጋር ያስተዋወቀኝ እሱ ነው።

ሙዚቃው ማንም ሳያስታውቅ ይጀምራል። ቶካቲና ይሉታል። አንዱ ጊታር አንስቶ ያስተካክላል፤ ሌላው ከመኪናው ካቫኪንዮ ያመጣል። ወንበሮቹ ተጠጋግተው ክብ ይሆናሉ። መድረክ የለም፣ ተመልካች የለም። ዘፋኙ ወጥ ቤት ቆመው ሲያማስሉ የነበሩት ሴትዮ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማማሰያውን እንደያዙ ይጀምራሉ። ሰው ግጥሙን ያውቀዋል፣ ይቀበላቸዋል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ዜማው መሃል ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም «አይዞዎት» አላለም። ጊታሩ ብቻ ያንኑ ቦታ እየደጋገመ ጠበቃቸው። እስኪመለሱ ድረስ ጠበቃቸው። ሙዚቃውን የወደድኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ሠርግ፣ ክርስትናና የቤተሰብ መሰባሰብ ያለ ሞርና አይሆንም። ሕፃን ሲወለድ ደግሞ በ7ኛው ሌሊት ተሰብስቦ መጠበቅ የሚባል ወግ አላቸው፤ «ጉዋርዳ ካቤሳ» ይሉታል። ሕፃኑን ከክፉ ዓይንና ከጠንቋይ ለመጠበቅ ሰው ሌሊቱን እየበላና እየዘፈነ ያነጋል። ቡዳ የሚያውቅ ሕዝብ ይሄን ለመረዳት አይቸገርም።

ታላላቆችን ሲጠሩ ሴቷን «ንያ»፣ ወንዱን «ንዮ» ብላችሁ ከስም በፊት አድርጉ። የእኛን «እትዬ» እና «ጋሼ» ቦታ ይሞላል። እንግዳ እንደዚያ ሲጠራቸው ፊታቸው ይበራል።

አዲስ ዓመት ላይ በር ለበር ይዞራሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። «ካንታ ሬይስ» ይባላል። ጊታርና ቫዮሊን የያዙ ሰዎች በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ደጅ ላይ ይዘፍናሉ። ባለቤቱ በሩን ይከፍታል፣ ያስገባቸዋል፣ ካንዣ ያቀርባል። ቀምሰው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቱም ተከትሏቸው ይወጣል። ዌርሃምና ኬፕ ኮድ አካባቢ ባሉ የክራንቤሪ ከተሞች ለብዙ አሥርት ዓመታት የቆየ ወግ ነው። ሆያ ሆዬና አበባ አየሽ ወይ ትዝ ይሉኛል። ልዩነቱ፣ እነሱ ጋ የሚዞሩት አባወራዎችና እመቤቶች ናቸው፤ ያውም በዚያ የማሳቹሴትስ በረዶ ውስጥ ክሩ እጅ ላይ እየቀዘቀዘ።

በጁን ደግሞ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል አለ። እሱ የከበሮ በዓል ነው። ሊዝበን አጠገብ ኮቫ ዳ ሞውራ በሚባል የስደተኞች ሰፈር የሚያከብሩት «ኮላ ሳን ጆን» በ2013 በፖርቱጋል ብሔራዊ የባህል ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የስደተኛ ሰፈር ከበሮ የአስተናጋጅ አገር ቅርስ ተባለ። ደስ ይላል።

ባቱኬና ፉናናስ?

እነዚህ ከሳንቲያጎ ደሴት ናቸው፤ አፍሪካነታቸው ጎልቶ የሚሰማው እዚህ ነው። ቅኝ ገዥዎችና ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ሲነቅፏቸውና ሲከለክሏቸው ኖረዋል።

ባቱኬ የሴቶች ነው። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው መሃል ይይዙና በመዳፋቸው ይመቱታል። ዛሬ ጨርቁን በፕላስቲክ ይሸፍኑታል፣ ድምፁ ደመቅ ይላል። አንዷ የአንዷን ምት እየሞላች ትሄዳለች። እኛም ከበሮ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን ሠርግ አድምቀን የለ? አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ምቱ ሲጦዝ ሌላዋ ወገቧ ላይ ጨርቅ አስራ ወደ መሃል ትገባለች። የእኛ ጭፈራ ትከሻ ላይ ነው፣ የእነሱ ወገብ ላይ። በመሃል ደግሞ በቃል የሚፈጠር ግጥም ይመጣል፤ ፊናሶን ይባላል። ምክር፣ ተረትና ምሬት በአንድ ትንፋሽ ይወርድበታል። የዚህ ትልቋ ባለቅኔ ንያ ናሲያ ጎሚ (1925–2011) ነበሩ። ኮቫ ዳ ሞውራ ውስጥ ፊንካ ፔ የሚባል የሴቶች ቡድን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይጫወታል። ሙዚቃው እዚያ ለሴቶቹ መገናኛም መረዳጃም ነው።

ፉናና ደግሞ አኮርዲዮንና ብረት ነው። አኮርዲዮኑን ጋይታ ይሉታል። ብረቱ ፌሪንዮ ነው፤ ረጅም ብረት ትከሻቸው ላይ አስደግፈው በቢላ ይፈገፍጉታል። በጣም ፈጣን ነው። ቢቶሪ የሚባል ተጫዋች ታሪክ አለው። በ1954 ገና ልጅ እግር ሳለ ጋይታ መግዣ ፍለጋ በመርከብ ወደ ሳኦ ቶሜ ደሴት እርሻዎች ሄደ። 2 ዓመት ያህል ለፍቶ ጋይታውን ይዞ ተመለሰ። ከነፃነት በኋላ ካቻስ የሚባል ጊታር ተጫዋች ቡሊሙንዶ ከተባለው ባንዱ ጋር ፉናናን በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫወተው። «የባላገር ጩኸት» ይባል የነበረው ሙዚቃ የከተማውን አዳራሽ ሞላው። ዛሬ ብሮክተንና ዶርቼስተር ሠርግ ላይ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የሚጫወተው ይሄ ነው። ጫማችሁን አጥብቁ።

በአሜሪካ ሙዚቃ ውስጥ አሻራ አላቸው?

አላቸው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። የፖርቱጋል ፓስፖርት ይዘው ስለገቡ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ «ፖርቱጋላዊ» ተብለው ተጽፈዋል። ነጩ ፖርቱጋላዊ ጥቁር ናችሁ አላቸው። ጥቁር አሜሪካዊው ደግሞ ቋንቋቸው ግራ ገባው። እነሱም የራሳቸውን ክበብና አዳራሽ ሠሩ። ኒው ቤድፎርድ ውስጥ በ1905 የራሳቸውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከፈቱ። ሙዚቃው ያደገው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው።

የጃዝ ፒያኒስቱ ሆራስ ሲልቨር አባት ከማዮ ደሴት የመጡ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ኮነቲከት ቤታቸው ውስጥ ወጥ ቤቱን አጽድተው ከጓደኞቻቸው ጋር ቫዮሊንና ጊታር እየተጫወቱ ያስጨፍሩ ነበር። ሕፃኑ ሆራስ ያንን እየሰማ አደገ። በ1965 ለአባቱ መታሰቢያ ያወጣው አልበም ሽፋን ላይ ኮፍያ አድርገው፣ ሲጋራ አፋቸው ላይ ይዘው የሚታዩት አባቱ ናቸው። በጃዝ ንጉሡ በዱክ ኤሊንግተን ባንድ ውስጥ ሳክስፎን የሚጫወተው ፖል ጎንሳልቬስም የእነሱው ልጅ ነው፤ ብሮክተን ተወለደ። በልጅነቱ ጊታር ይዞ ለቤተሰቡ የአገር ቤት ዜማ ይጫወት ነበር። በ1956 በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ 27 ዙር ሳያቋርጥ ነፍቶ ሕዝቡን ከመቀመጫው ያስነሳው እሱ ነው። ታቫሬስ የተባሉት የዲስኮ ዘመን ወንድማማቾችም ከዚሁ ማኅበረሰብ ናቸው።

ሴዛሪያ ኤቮራ ማን ነበረች?

በ1941 ሚንዴሎ ተወለደች። ወጣት ሳለች በወደቡ መጠጥ ቤቶች ትዘፍን ነበር። ከዚያ ለ10 ዓመት ያህል ዝም አለች። በ1987 ሊዝበን ስትዘፍን ጆዜ ዳ ሲልቫ የሚባል፣ ፈረንሳይ በባቡር ድርጅት የሚሠራ ያገሯ ልጅ ሰማት። ወደ ፓሪስ ወሰዳት። በ1992 «ሚስ ፐርፉማዶ» የተባለ አልበሟ ሲወጣ 50 ዓመት ሞልቷት ነበር፤ ዓለምም ያወቃት ያኔ ነው። መድረክ ላይ ባዶ እግሯን ትወጣለች። መሃል ላይ ቁጭ ብላ ሲጋራ ታጨሳለች፣ ባንዱ ይጫወታል፣ ትነሳና ትቀጥላለች። ወጥ ቤት እንዳለች ሴት ነበረች፤ አዳራሹ ብቻ ነው የሰፋው። በ2011 አረፈች። የሳኦ ቪሴንቴ አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ በስሟ ይጠራል።

«ሶዳድ» የተባለው ታዋቂ ዘፈኗ ወደ ሳኦ ቶሜ የካካዎ እርሻ በኮንትራት ስለተጋዙ ሰዎች ነው። አንጎላዊው ቦንጋ ከእሷ በፊት በ1974 ቀርጾታል። ብዙ ሰው የፍቅር ዘፈን ብቻ ይመስለዋል። ካካዎውን ካወቃችሁ በኋላ እንደገና ስሙት።

ዩኔስኮ መዝግቦታል?

አዎ፣ ሞርናን በዲሴምበር 2019 ቦጎታ ላይ በተደረገው ስብሰባ መዝግቦታል። የእኛ ጥምቀት የተመዘገበውም በዚያው ስብሰባ ነው። ለጎረቤቴ ስነግራቸው እጄን ይዘው «አብረን ገባን» አሉኝ።

አውሮፓ ላለነውስ?

ሊዝበን፣ ሮተርዳምና ፓሪስ ሞልተዋል። ሮተርዳም ልዩ ቦታ አላት። በ1960ዎቹ ጁንጋ ዲ ቢሉካ የተባለ መርከበኛ እዚያ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ቮዝ ዲ ካቦ ቨርዴ የተባለውም ባንድ የተመሠረተው እዚያው ነው። ሸክላዎቹ በመርከበኞች ሻንጣ ተመልሰው ደሴቶቹ ገቡ። አገር ቤት ያለው ሰው የራሱን ሙዚቃ ከሆላንድ ሰማ።

ልጆቹ ዛሬም ይሰሙታል?

ክሪዮሉ የሚናገር ልጅ ይሰማዋል፤ ቋንቋው የጠፋበት ይቸገራል። እኛም የምናውቀው ጭንቀት ነው። ወጣቱ በብዛት የሚደንሰው ዙክ ከሚባለው የካሪቢያን የዳንስ ሙዚቃ ጋር የተቀላቀለውን ነው፤ እሱም የሮተርዳምና የፓሪስ ስደተኞች ልጆች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያመጡት ነው። ሽማግሌዎቹ ያጉረመርማሉ። እኔ ግን አልሰጋም። ያ ዙክ ግጥሙ በክሪዮሉ ነው፤ ልጁን ቋንቋው ጋ ያቆየዋል። ሞርና ቸኩሎ የሚይዙት ዘፈንም አይደለም። ጎረቤቴ ሴት ልጃቸው 15 ዓመቷ ሳለ ጆሮዋን ትደፍን ነበር አሉኝ። 30 ሲሞላት ቤተሰቧን ጥላ ሌላ ስቴት ገባች። አንድ ማታ ስልክ ደውላ «እማ፣ ያን ዘፈን ዝፈኝልኝ» አለቻቸው።

ስልኬን አውጥቼ ልቅረጽ?

መድረክ ላይ ከሆነ ችግር የለውም። ቤት ውስጥ ግን መጀመሪያ ጠይቁ። ክብ ሠርተው ሲቀመጡ ወንበር ይሰጧችኋል፤ ስልክ ያወጣ ሰው ከክቡ ወጣ ማለት ነው። ለዳንስ እጅ ከዘረጉላችሁም አልችልም አትበሉ። እነሱ ይመሯችኋል።

ከየት ልጀምር?

ለሞርና ሴዛሪያንና ባናን ስሙ። ከዚያ ኢልዶ ሎቦን፤ ድምፁ ሰው ያቆማል። ለፉናና ቡሊሙንዶና ቢቶሪ አሉ። ከአሁኖቹ ናንሲ ቪየራ ሞርናን በጥሩ ልብ ይዛዋለች። ለልጆች ሉራን ክፈቱላቸው።

ማሳቹሴትስ ያላችሁ በጁላይ መጀመሪያ ኒው ቤድፎርድ ውጡ። የነፃነት በዓላቸውን ይዞ ትልቅ ሰልፍ አለ። ሰልፉ ካለፈ በኋላ ግን ቶሎ ወደ መኪናችሁ አትመለሱ። ከየጓሮው ጭስ ይወጣል፣ ጊታር ይስተካከላል። ከምታውቁት አንድ ሰው ጋር ሂዱና ግቡ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ እኔ አምባሻ ይዤ ነው የምሄደው፣ በካንዣ ይበሉታል።